የአየር ሲሊንደር፦ ይገዛ፣ በቶርኖ ይሠራ ወይስ ከከባድ መኪና ይወሰድ?

በአየር ግፊት የሚገፋ ወይም የሚስብ ሲሊንደር ለአንድ ማሽን ሲያስፈልግ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሦስት መንገድ አለ። ፋብሪካ የሠራውን መግዛት፣ በቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) በልክ ማሠራት፣ ወይም ከከባድ መኪና የወጣ የፍሬን ቻምበር ለሥራው ማዋል። ሦስቱም ተገቢ ቦታ አላቸው። ገንዘብና ድካም የሚባክነው ብዙ ጊዜ ምርጫው «የትኛው ይረክሳል?» በሚል ጥያቄ ሲጀመር ነው። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ውስጡ ያለው ጎማ ያለቀ ዕለት ምትኩን በማግስቱ ከየት አገኛለሁ? ብረቱ ለዓመታት ይቆያል፤ የሚያልቀው ጎማው ነው። ጎማው በከተማው የማይገኝ ከሆነ የተዋበው ሲሊንደር እስከ አዲስ አበባ፣ እስከ ሶማሌ ተራ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ራስ ምታት ይሆናል።

ኃይሉን አስቀድሞ ማስላት

የሲሊንደር ኃይል የአየሩ ግፊት በፒስተኑ፣ ማለትም በውስጡ በሚንሸራተተው ክብ ክፍል፣ ፊት ስፋት ሲባዛ የሚገኘው ነው። በ6 ባር ግፊት፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር 480 ኒውተን ገደማ ይገፋል፤ 49 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ሲጫን ከሚያሳርፈው ኃይል ጋር እኩል ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ 120 ኪሎ፣ ባለ 63 ሚሊ ሜትሩ 190 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በሚመለስበት ጊዜ ዘንጉ የፒስተኑን ፊት በከፊል ስለሚይዝበት ኃይሉ ይቀንሳል፤ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ያለው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ሲስብ 415 ኒውተን ብቻ ያወጣል። ሥራው መግፋት ነው ወይስ መሳብ የሚለው ሳይለይ ዲያሜትር መምረጥ አያዋጣም።

ከዚህ ስሌት ላይ የጎማው ፍትጊያ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይወስዳል፤ በትንንሾቹ ሲሊንደሮች ላይ ከዚያም ይበልጣል። ሥራው 60 ኪሎ ከጠየቀ በወረቀት ላይ ከ90 እስከ 120 ኪሎ የሚሰጠውን መያዝ ይሻላል። አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ደክሞ ግፊቱ ወደ 5 ባር በሚወርድበት ሰዓት ማሽኑ ሥራውን እንዳያቆም የሚያደርገው ይህ ትርፍ ነው።

የደጋው አየር የሚያመጣው ልዩነት

ይህን ክፍል መዝለል የለብንም፤ በውጭ አገር የተጻፉ ሠንጠረዦች ለባሕር ዳርቻ አየር የተሠሩ ናቸውና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በባሕር ጠለል 1 ባር ገደማ የሆነው የከባቢ አየር ግፊት ኮምቦልቻ ላይ 0.81፣ ደሴ ላይ 0.75 ባር አካባቢ ነው።

የሲሊንደሩ ኃይል በዚህ አይቀንስም። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከከባቢው አየር በላይ ያለውን ልዩነት ስለሆነ 6 ባር ደሴም 6 ባር ነው። የሚቸገረው ኮምፕሬሰሩ ነው። አየሩን ወደ 6 ባር ለማድረስ ባሕር ዳርቻ ላይ ሰባት እጥፍ ማመቅ ሲበቃው ኮምቦልቻ ላይ 8.4 እጥፍ፣ ደሴ ላይ ዘጠኝ እጥፍ ማመቅ አለበት። ስለዚህ ያው ማሽን ያንኑ ታንክ ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል፣ ይበልጥም ይሞቃል። በኮምፕሬሰሩ መለያ ላይ የተጻፈው የአየር መጠን፣ በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር የሚለው፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው እንጂ የሚያወጣው አይደለም።

በቁጥር እንየው። 50 ሚሊ ሜትር የውስጥ ዲያሜትርና 100 ሚሊ ሜትር ምት (ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት) ያለው፣ ሲሄድም ሲመለስም በአየር የሚነዳ ሲሊንደር ለአንድ ዙር 0.36 ሊትር የታመቀ አየር ይፈልጋል። ይህ በደሴ አየር ሲለካ 3.2 ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ ሃያ ዙር ከሠራ 65 ሊትር ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ከየመገጣጠሚያው የሚያፈሰው አለ። አንድ ሲሊንደር ብቻ ላለው ማሽን ትንሽ ኮምፕሬሰር ይበቃል። ሦስትና አራት ለመደርደር ያሰበ ግን ከሲሊንደሩ ዋጋ በፊት የኮምፕሬሰሩን ዋጋ ያስላ።

ፋብሪካ የሠራው ሲሊንደር

ለአብዛኛው ሥራ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ምክንያቱ ውበቱ አይደለም፤ ልኩ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ መሆኑ ነው። አይሶ 15552 የሚባለውን ደረጃ የተከተሉ ሲሊንደሮች 32፣ 40፣ 50፣ 63፣ 80፣ 100 እያሉ የሚሄዱ ሲሆን፣ የአንዱ አምራች ተበላሽቶ የሌላው ቢተካ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ። ከ8 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያሉት ክብና ቀጫጭን ሲሊንደሮች ደግሞ አይሶ 6432 የሚባለውን ይከተላሉ። ስለዚህ ሲገዙ ከአምራቹ ስም ይልቅ ይህ ቁጥር በሲሊንደሩ ወይም በሰነዱ ላይ መኖሩን ማየት ይበልጣል። ሲሊንደሩ በሚገዛበት ዕለትም የጎማ መለወጫውን አብሮ ገዝቶ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ በኋላ የሚፈለግ ዕቃ ሁልጊዜ ከመደርደሪያው ያለቀ ዕለት ነው የሚፈለገው።

በኮምቦልቻ ሌላ ጥቅም አለ። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ የአየር መሣሪያ የሚጠግን እጅ አይጠፋም። የልብስ ስፌትና የጠርሙስ መሙያ ማሽኖች በእነዚህ ሲሊንደሮች ይሠራሉና፣ ለፋብሪካ የሚጠግን ቴክኒሻን ለወርክሾፑ ሲሊንደር አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም።

ጉድለቱ ምቱና ቅርጹ እንደ ተወሰነ መምጣቱ ነው። 85 ሚሊ ሜትር ምት የፈለገ ሰው 100 ይገዛና 15ቱን በማቆሚያ ይዘጋል። ይህ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ፒስተኑ ክዳኑን እየመታ ከሚቆም በውጭ ማቆሚያ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል።

የከባድ መኪና የፍሬን ቻምበር

ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርገው ወደ ኮምቦልቻ የሚገቡት፣ ከዚያም ሐረጎን ወደ ደሴ የሚወጡትና የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ፍሬናቸው በአየር ነው የሚሠራው። በእያንዳንዱ ጎማ ዘንድ ያለችው ክብ የብረት ቆርቆሮ ራሷን የቻለች የአየር መግፊያ ናት። በውስጧ ወፍራም የጎማ ሽፋን አለ፤ አየር በአንድ ወገን ሲገባ ሽፋኑ ይነፋና ዘንጉን ይገፋዋል። የሚንሸራተት ፒስተንም፣ የሚላጭ ኦሪንግም (ክብ የማጥበቂያ ጎማም) የላትም። አቧራና ጭቃ አያስፈራትም።

ኃይሏ የሚያስደንቅ ነው። ቻምበሮቹ የሚጠሩባቸው 24 እና 30 የሚሉት ቁጥሮች የሽፋኑን ስፋት በካሬ ኢንች የሚናገሩ ናቸው። ባለ 30ዋ በ6 ባር 11,600 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ቶን በላይ ትገፋለች። ባለ 24ዋ 950 ኪሎ ገደማ ትሰጣለች። የመኪናው ሥርዓት ራሱ ከ6 ባር በላይ ስለሚሠራ በወርክሾፕ ግፊት አትጨነቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀደም ሲል ላነሳሁት ጥያቄ ጥሩ መልስ አላት፦ የጎማ ሽፋኑ የከባድ መኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሁሉ ለብቻው ይገኛል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው እሷን አይጠቀምም? ምቷ አጭር ስለሆነ ነው። ለባለ 30ዋ እስከ 64 ሚሊ ሜትር፣ ለባለ 24ዋ እስከ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሽፋኑ ተወጥሮ ኃይሉ ስለሚወርድ የመጀመሪያውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ መቁጠር ይበጃል። ዘንጉም ወደ ጎን የሚይዘው መሪ የለውም፤ ማሽኑ ራሱ ጭነቱን ቀጥ አድርጎ የሚመራበት ሐዲድ ወይም ቡሽ ሊኖረው ይገባል። አየርም ትበላለች። አምስት ሴንቲ ሜትር ለመግፋት አንድ ሊትር ገደማ የታመቀ አየር ትወስዳለች፤ በደሴ አየር ከስምንት ሊትር በላይ ማለት ነው።

የጫማ ሶል ለመጫን፣ ላሜራ ለማጠፍ፣ ቆዳ በሻጋታ ለመቁረጥ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ አላውቅም። የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ባለሙያ ቱቦላሬ አጣብቆ ለመበየድ ከፈለገ ግን አንድ ቶን አይጠቅመውም፤ ግድግዳው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ ቱቦላሬ ይጨራመትበታል። ለእሱ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ በዋዛ የማይታለፍ። በኋላ ጎማዎች ላይ የሚገኘው ረጅሙ፣ ሁለት ክፍል ያለው ቻምበር በጀርባው ክፍል ውስጥ የእጅ ፍሬኑን የሚይዝ ኃይለኛ ሞላ ታምቆበታል። ያ ክፍል ቀበቶው ተፈትቶ ወይም ተቆርጦ ከተከፈተ ሞላው ክዳኑን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል፤ ሰው ይገድላል። ለወርክሾፕ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ከፊት ጎማ የሚወጣው አጭሩና አንድ ክፍል ብቻ ያለው ነው። ከቁራሌ ወይም ከጋራዥ ሲገዙ ሁለት ክፍል ያለውን ርካሽ ነው ብለው አይያዙ።

በቶርኖ የሚሠራው

ልኩ ከተለመደው የወጣ፣ ቦታው የጠበበ ወይም ምቱ እጅግ ያጠረ ሲሆን በቶርኖ ማሠራት ተገቢ ነው። ከፋብሪካው ረክሶ ይገኛል በሚል ብቻ ከሆነ ግን አልመክርም፤ የባለሙያው ሰዓት ከተቆጠረ የሚተርፍ ነገር ትንሽ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከቧንቧው አይደለም። መጀመሪያ ወደ መለዋወጫ መደብር ሄዶ የትኛው ኦሪንግ በብዛት እንዳለ ማየት፣ ጥቂት ገዝቶ መመለስ፣ ከዚያ ፒስተኑን በኦሪንጉ ልክ መንደፍ ነው። ብዙዎች በተቃራኒው ይሠሩና ለተቦረቦረ ልክ ጎማ ፍለጋ ይንከራተታሉ።

ለምሳሌ የቱቦው ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር፣ የኦሪንጉ ውፍረት 3.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በፒስተኑ ላይ የሚቆረጠው ቦይ ከሥሩ እስከ ቱቦው ግድግዳ 3.1 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲቀር ይደረጋል። የቦዩ ሥር ዲያሜትር ስለዚህ 33.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኦሪንጉ 11 በመቶ ገደማ ይጨመቃል፤ አየር ለመያዝ የሚበቃ፣ ፒስተኑን የማያስቸግር መጠን ነው። ጭምቀቱ 25 በመቶ ሲደርስ ፒስተኑ ጠዋት ጠዋት ተጣብቆ እንቢ ይላል። የቦዩ ስፋት ደግሞ ከኦሪንጉ ውፍረት በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል፤ ጎማው ሲጨመቅ የሚሄድበት ቦታ ያስፈልገዋል። የቱቦው አፍ በሰያፍ ይላጫል። ይህች የመጨረሻዋ ሥራ ከተረሳች ስለታሙ ጠርዝ አዲሱን ኦሪንግ ገና ሲገባ ይሸርፈዋል፤ ሲሊንደሩም ከመጀመሪያው ቀን ያፈሳል፣ ጥፋቱም በኦሪንጉ ይሳበባል።

ቱቦው ራሱ ውስጡ የተሞረደ መሆን አለበት። የውሃ ቧንቧ ውስጡ የብየዳ መስመር ስላለው ኦሪንጉን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ለሃይድሮሊክ የሚሠራ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቱቦ ቁራጭ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አልቋል። ለዘንግ የሚሆን ጥሩ ብረት ደግሞ ከአሮጌ የመኪና አሞርቲዘር ይወጣል፤ ዘንጉ በክሮም የተለበጠና በጥንቃቄ የተሞረደ ነውና። ነገር ግን በጋዝ የተሞላ አሞርቲዘር ግፊቱ ሳይወጣ አይቆረጥም፤ የተከፈተውንና የፈሰሰውን መግዛት ይሻላል።

ጎማውን በተመለከተ ከከመነዳሪ ቆርጦ መሥራት ለቀን ሁለት ቀን ካልሆነ አይበጅም። የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል። ናይትራይል የሚባለው ጥቁር ጎማ ዘይት ይችላል። ምቱ የረዘመ ከሆነ ኦሪንግ በቦዩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ስለሚቆረጥ ከንፈር ያለው ማጥበቂያ ጎማ ይመረጣል።

የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ ለሲሊንደርም ለአየር ማስተላለፊያም ፈጽሞ አይሆንም። ውሃ ስለያዘ አየርም ይይዛል ማለት አይደለም፤ የታመቀ አየር ሲለቀቅ ቧንቧውን እንደ ብርጭቆ ይሰባብረውና ስንጥሩን ይበትነዋል።

በአንድ ወገን አየር ወይስ በሁለት?

አየር በአንድ ወገን ብቻ የሚገባበት ሲሊንደር የሚመለሰው በሞላ ነው። አንድ ቱቦና ቀላል ቫልቭ ይበቃዋል፣ አየሩንም ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ሞላው ግን ከመግፊያው ኃይል ላይ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ ምቱም እንዲያጥር ያስገድዳል። በሁለት ወገን አየር የሚገባበት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ታማኝ ነው፤ ፍጥነቱም በሚወጣው አየር ላይ በሚደረግ ማጥበቢያ በደንብ ይገራል።

ለእኔ የሚወስነው አየር በድንገት ሲቋረጥ ምን መሆን አለበት የሚለው ነው። የሰው እጅ የሚገባበት መጫኛ ከሆነ አየር ሲጠፋ በሞላ ወደ ላይ የሚመለስ ይሁን። ከበላይ የተንጠለጠለ ነገር የሚይዝ መጨበጫ ከሆነ ደግሞ ሞላው የሚጨብጥ፣ አየሩ የሚለቅ ሆኖ ይገጠም፤ ያን ጊዜ አየር ቢቋረጥ ዕቃው ሰው ላይ አይወድቅም።

ኤሌክትሪክ ማግኔት ለምን አይሆንም የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለአጭርና ለቀላል ሥራ ይሆናል። የማግኔቱ ኃይል ግን ብረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር በራቀ ቁጥር በጣም ይወርዳል፣ ለረጅም ጊዜ ከያዘም ይግላል። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይለቃል። የአየር ታንክ ግን መብራት ከጠፋ በኋላም ለተወሰኑ ዙሮች ይበቃል፤ ቫልቩ በእግር ወይም በእጅ የሚነካ ከሆነ የተጀመረው ሥራ ይፈጸማል። ስለዚህ ለከተሞቻችን የእግር ቫልቭን አስቀድማለሁ። ሁለቱም የባለሙያው እጆች ነጻ ይሆናሉ።

በጣም ትንሹ፦ ምላጭ የሚያንቀሳቅሰው

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እንዳሉት ተማሪዎች አንድ ትንሽ ነገር ለመንደፍ ለሚፈልጉ፣ ለማስተማር ከሚጠቅሙ ምሳሌዎች አንዱ የፔይንትቦል መጫወቻ ነው፤ በቀለም የተሞሉ ክብ ጥይቶችን በታመቀ ጋዝ የሚወረውረው። ኦቶኮከር በሚባለው የታወቀ ሞዴል ላይ ጣት የሚስበው ምላጭ መዶሻውን ከለቀቀ በኋላ አንዲት «ሦስት መንገድ» የምትባል ቫልቭ ያንቀሳቅሳል፤ ያቺ ቫልቭ አየሩን ወደ ትንሽ ሲሊንደር ትልካለች፣ ሲሊንደሩም መዶሻውን መልሶ ይስባል። ግፊቱ ከታንኩ በቀጥታ አይመጣም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙስ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ገደማ ይይዛል፤ ወደ ሲሊንደሩ ከመድረሱ በፊት በመቆጣጠሪያ ወደ ጥቂት ባር ይወርዳል። ጣት ቫልቭ ያዛል፣ ከባዱን ሥራ አየር ይሠራዋል። ለማንኛውም ማንሻ፣ መቆለፊያና መልቀቂያ የሚሆን አሠራር ነው።

በዚህ ልክ ሲሠራ ንድፉ የሚሳሳተው በኃይል አይደለም። 10 ሚሊ ሜትር የውስጥ ዲያሜትር ያላት ሲሊንደር በ6 ባር 47 ኒውተን ትሰጣለች፤ ለምላጭና ለቁልፍ ይተርፋታል። የሚያዘገየው ቱቦው ነው። ምቷ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሲሊንደሯ ራሷ የምትይዘው አየር 0.8 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ከቫልቩ እስከ እሷ የሚደርሰው ውስጡ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የአንድ ሜትር ቱቦ ግን 4.9 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ስድስት እጥፍ! ምላጩ በተሳበ ቁጥር መጀመሪያ ቱቦው መሞላት አለበት። ቫልቩን ከሲሊንደሯ ጎን ማሰር ማንኛውንም ውድ ዕቃ ከመግዛት የበለጠ ያፈጥናል።

በዚህ ልክ ያሉ ሲሊንደሮችን በቶርኖ ማሠራት የሚያዋጣው አካሉ ራሱ ሲሊንደር ሲሆን ነው፤ ማለትም አሉሚኒየሙን በስቶ ቀዳዳውን በሪመር (ቀዳዳ በሚያለሰልስ መሣሪያ) አስተካክሎ፣ የነሐስ ፒስተን በአንድ ኦሪንግ ማስገባት ሲቻል። ቀዳዳው በመሰርሰሪያ ብቻ ከቀረ ሸካራና ሞላላ ይሆናል፤ አየርም አይይዝም።

ከመግጠም በፊት

የተገዛም ይሁን የተሠራ፣ አየር ከመግባቱ በፊት ከታንኩ ሥር ያለው ውሃ ይፍሰስ። በክረምት የደሴ አየር እርጥበት ስለሚበዛው ታንኩ በየቀኑ ውሃ ያጠራቅማል፤ ያ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሲደርስ ዝገት ይሆናል፣ ዝገቱም ጎማውን ይልጣል። ከታንኩ ቀጥሎ የውሃ ማጣሪያ ማስገባት አንድ ኦሪንግ ለመለወጥ ከሚጠፋው ቀን ይረክሳል።

በቶርኖ የተሠራው ሲሊንደር መጀመሪያ የሚፈተነው በውሃ ነው። አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ በውሃ መሙላት፣ በእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት በአንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም ለ6 ባር ሥራ በ9 ባር መያዝ። ብየዳው ወይም ክዳኑ ቢሰነጠቅ ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ አይፈነዳም። ይህን ካለፈ በኋላ ውሃው ተወግዶ፣ ደርቆ፣ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ በ2 ባር አየር ይሞከራል፤ በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ይቀባል። አረፋ የታየበትን ቦይ ወይም ጠርዝ መልሶ በቶርኖ ማስተካከል ነው፤ በላዩ ላይ ማጣበቂያ መቀባት ለሳምንት እንኳ አይቆይም።